የኮሶ ቀን

አማርኛ ለአንጀት ትልቅ ስፍራ ሰጥቷል። ያሳዘነን ሰው አንጀታችንን በላው እንላለን፤ ያስደሰተን አንጀታችንን አራሰው እንላለን፤ የተቆጨ ሰው አንጀቱ ያርራል፣ የተራበም አንጀቱ ይታጠፋል። ርኅራኄም ቁጭትም ረኀብም የሚያድሩት እዚያው ነው። ስለ አንጀት የዕለት ሥራ ግን፣ በተለይም ስለ ትልቁ አንጀት፣ ስለ ደንዳኔ፣ እና ከእርሱ ስለሚወጣው ነገር፣ መናገር እንደ ነውር ይቆጠራል። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አባባል ለምስጢር የተነገረ ቢሆንም ለበሽታም ሲያገለግል ኖሯል፤ በዓይነ ምድሩ ላይ ደም ያየ ሰው ለትዳር ጓደኛው እንኳ ሳይተነፍስ ወራት ያሳልፋል። ይህን ዝምታ ብዙዎች ከአባቶችና ከእናቶች የወረስነው ጨዋነት አድርገው ይወስዱታል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። የኢትዮጵያ ደጋ ሰው፣ ከመኳንንት እስከ አሽከር፣ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ አንድ ቀን ለአንጀቱ ለይቶ፣ ከሥራ ቀርቶ፣ ከሆዱ የወጣውን በዓይኑ አይቶ፣ ለምን ከቤት እንደዋለም ሳይደብቅ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ያ ቀን የኮሶ ቀን ነው። መድኃኒቱን መተዋችን ተገቢ ነበር። ከመድኃኒቱ ጋር አብረን የጣልነው ልማድ ግን የአንጀት ካንሰርን በጊዜ ለመያዝ ዛሬ አጥብቀን የምንፈልገው ነው፤ ክርክሬም ይኸው ነው።

«ኮሶ» የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን በአንድ ስም ይዟል፤ ዛፉን፣ ከአበባው የሚዘጋጀውን መድኃኒትና መድኃኒቱ የሚያስወጣውን ትል። በሽታውና ፈውሱ በአንድ ስም መጠራታቸው በሰው ኑሮ ውስጥ ምን ያህል ተቆራኝተው እንደቆዩ ያሳያል። ዛፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ገደማ ጀምሮ በደጋና በውርጭ አገር በብዛት የሚበቅል፣ ከጽጌረዳ ጋር ከአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ያብባሉ፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው የአበባ ዘለላ ነው። ዘለላው ተቆርጦ ይደርቃል፣ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፣ ከዚያም ደቅቆ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ ጠጪውም ማለዳ በባዶ ሆዱ ይጨልጠዋል። ትሉ ደግሞ በጥሬ የበሬ ሥጋ ውስጥ ካለች ትንሽ ከረጢት ተነሥቶ በሰው ቀጭን አንጀት የሚያድግ፣ አምስት ሜትርና ከዚያም በላይ የሚረዝም፣ አካሉ በብዙ መቶ ቁርጥራጮች እንደ ጥብጣብ የተቀጣጠለ ፍጥረት ነው። ቁርጥራጮቹ ሲበስሉ እየተላቀቁ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ፤ አንዳንዴም በራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ወጥተው በልብስ ላይ ይገኛሉ። ያን ጊዜ ሰውየው «ኮሶ ታየኝ» ይላል። በዚህ ግስ ላይ ትንሽ መቆም ይገባል። «አመመኝ» አይልም፤ «ታየኝ» ነው የሚለው። በሽታው መኖሩ የሚታወቀው በሕመም ሳይሆን በዓይን ነበር፤ ዓይን ደግሞ የሚያየው ሲመለከት ነው።

ልማዱን በዝርዝር ጽፈው ካቆዩልን ቀደምት የውጭ ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደርሶ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጎንደር ከረመና በ1790 የጉዞ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ አሳተመ። ስለ ጥሬ ሥጋ ግብዣ የጻፈውን የለንደን ሰዎች ውሸት ነው ብለው ተሳለቁበት፤ ስለ ኮሶ የጻፈው ግን ለመድኃኒት አዋቂዎች መነሻ ሆነ። በመጽሐፉ ዛፉ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከጽዱ ጋር እንደሚተከል፣ ወንዱም ሴቱም በትሉ እንደሚያዝ፣ መድኃኒቱም በየጊዜው እንደሚጠጣ ይናገራል። የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከወዳጆቹ ተለይቶ ቤቱን ዘግቶ እንደሚውልም ይመሰክራል። ሐበሾች ከአገራቸው ርቀው የማይሄዱት ይህን መድኃኒት እንዳያጡ ብለው ነው የሚል ወሬም መዝግቧል። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ የጎንደር ሰው ያለ ኮሶ የሚኖርበትን አገር ማሰብ ይከብደው እንደነበር ያስረዳል። ከብሩስ በኋላ በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡ ተጓዦችና ሐኪሞችም ልማዱን ደጋግመው አንሥተዋል፤ አንዳንዱ በየወሩ፣ ሌላው በየሁለት ወሩ ይጠጣል ይላል።

ይህን የጊዜ ልክ ከትሉ ጠባይ ጋር ሲያስተያዩት ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። ትሉ ከአንጀት ግድግዳ ጋር የሚጣበቀው የስፒል አናት በምታህል ራሱ ነው። ኮሶው ረጅሙን አካል በጥሶ ያወጣል፤ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ከቀረ ደግሞ እንደገና ቁርጥራጭ ማብቀል ይጀምርና ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው የበሰሉት መውጣት ይጀምራሉ፤ «ኮሶ ታየኝ» የሚባልበት ቀን ይመለሳል። አዲስ ትል ከጥሬ ሥጋ የገባበት ሰውም የመጀመሪያውን ቁርጥራጭ የሚያየው ከዚህ ባልራቀ ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ የሁለት ወሩ ቀጠሮ ዝም ብሎ የተለመደ ሳይሆን የበሽታውን ዑደት የተከተለ ነበር። ማንም በማጉያ መነጽር አልለካውም። ብዙ ትውልድ የገዛ ሰገራውን በትዕግሥት ሲመለከት ቆይቶ የደረሰበት ዕውቀት ነው። ልማዱን አጉል እምነት ብሎ ማለፍ የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጠጪው ቤቱን ዘግቶ የሚውል ከነበረ፣ ይህ ያው የዛሬው ሐፍረት አይደለምን? አይደለም እላለሁ። ገበናን መጠበቅና በሽታን መደበቅ ለየቅል ናቸው። የኮሶ ቀን ጠጪ ሰውነቱን ከሰው ዓይን ይከልላል እንጂ ነገሩን አይሰውርም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» የሚለው ቃል እንግዳን በደጅ የሚመልስ፣ አሽከርን ከሥራ የሚያሳርፍ፣ ማንም የማይቀየምበት በቂ ምክንያት ነበር። ቤተሰቡ ያውቃል፣ ጎረቤቱ ያውቃል፤ በማግስቱም ወጣልህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ነገሩ እንዲህ የተከበረ ከነበረ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚባለው ነገር ስለምን ስድብ ሆነ? ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ኃይሉ ሳሉ ጠላቶቻቸው እናታቸውን ወይዘሮ አትጠገብን በኮሶ ሻጭነት እያነሡ ይሰድቧቸው እንደነበር የታወቀ ነው። የዚያ ዘመን እቴጌ የነበሩት የመነን ሰው ደጃዝማች ወንድይራድም ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ድል ሆኖ ሲማረክ ግን ካሣ ራሱን ደጃዝማቹን ኮሶ አስጠጡት እየተባለ ይተረካል። ታሪኩ ጠለቅ ብሎ ሲታይ ስድቡ ያነጣጠረው ጉሊት ተቀምጦ በመሸጥ ድህነት ላይ ነው፤ የመኳንንት ዘር ነኝ ለሚል ሰው የእናት ጉሊት ያሳፍር ነበርና። ኮሶ መጠጣት ግን ማንንም አያሳፍርም ነበር፤ ሰዳቢውም ተሰዳቢውም ጠጪዎች ነበሩ። እንዲያውም የካሣ ቅጣት ለሰሚው ሁሉ ወዲያው የሚገባውና እስከ ዛሬ የሚያስቀው፣ የመድኃኒቱን ምሬትና የሚያስከትለውን የማያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው።

የኮሶ ዝና አገሩን አልፎ ሄዷል። በ1820ዎቹ መጀመሪያ በቁስጥንጥንያ የነበረ ብራዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ስለ መድኃኒቱ ጽፎ ለፓሪስ ሳይንቲስቶች አቀረበው፤ በመቶ ዘመኑ አጋማሽ ገደማ ደረቁ አበባ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይጫን ጀመር፤ በ1864 የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ገባ። ዛፉ ግን ስሙን ያገኘው ካየው ከብሩስም፣ ከሚጠጣውም ሕዝብ አይደለም። በ1791 ግሜሊን የተባለ የጀርመን ሊቅ ሃጌን ለተባለ የኮኒግስበርግ ሰው መታሰቢያ አደረገው። አውሮፓ የወሰደው አበባውን ብቻ ነው፤ ቀኑን አልወሰደም።

መድኃኒቱ ንጹሕ ነበር ማለቴ ግን አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ኮሶ ትሉን የሚያዳክመው መርዝ ስላለበት ነው፤ መርዙ ደግሞ በትሉ ላይ ብቻ አይቆምም። ያጥወለውላል፣ ያስታውካል፣ ያስቀምጣል፣ አቅም ያሳጣል፤ ነፍሰ ጡርን ፅንስ እስከማሳጣት ያደርሳል ተብሎ ይፈራ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ኮሶ በጠጡ ሰዎች ዓይን ላይ የደረሰ ከባድ ጉዳት ታትሞ ወጥቷል። በዚያው ዘመን ኒክሎሳማይድ፣ ቀጥሎም ፕራዚኳንቴል የሚባሉ ክኒኖች መጡ፤ ሥራቸው ፈጣን፣ ጣጣቸውም ትንሽ ነው። የከተማ ሰው ኮሶን ትቶ ወደ መድኃኒት ቤት መሄዱ ማስተዋል ነው። ነገር ግን ክኒኑ ሲመጣ ቀኑ አብሮ ቀረ። ከሥራ መቅረት አላስፈለገም፣ ለቤተሰብ መናገር አላስፈለገም፣ ምን እንደወጣ ማየትም አላስፈለገም። ትሉን ያገኘ ሰው በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን በኪሱ ይዞ ማንም ሳያውቅ ይጨርሳል። የአንጀት ጉዳይ ከቤተሰብ ጉዳይነት ወጥቶ የግል ምስጢር የሆነው በአያቶቻችን ጨዋነት ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው።

የአንጀት ካንሰር የሚያጠቃው ደግሞ ይህን ምስጢር ተገን አድርጎ ነው። ደንዳኔ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት አለው፤ ሥራው ከቀጭኑ አንጀት የመጣውን ዝቃጭ ውኃ መጥጦ ማጠንከርና ማስወጣት ነው። የውስጥ ሽፋኑ በየጥቂት ቀኑ ራሱን ያድሳል። ይህ መታደስ በአንድ ስፍራ ልኩን ሲስት ትንሽ ሥጋ ትበቅላለች፤ ሐኪሞች ፖሊፕ ይሏታል። አብዛኛው ፖሊፕ ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ግን እያደገ፣ ጠባዩ እየከፋ፣ ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት በሚያህል ዝግታ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ከዚህ በሽታ ጋር የመጣ ምሕረት ቢኖር ይህ አሥር ዓመት ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.9 ሚሊዮን ሰው በአንጀትና በፊንጢጣ ካንሰር ይያዛል፤ 900 ሺህ ያህሉ ይሞታል። በሽታው የፈረንጅ ነው የሚለው አስተሳሰብም አይጸናም። በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ መረጃ እንደሚያሳየው በወንዶች ላይ ግንባር ቀደም ከሆኑት ካንሰሮች አንዱ ይኸው ነው። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ በምዕራቡ ዓለም ከሚታየው ባነሰ ዕድሜ የሚያዙ ናቸው፤ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱትም ካንሰሩ ከአንጀት አልፎ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ለመዘግየቱ ከሐኪምና ከመሣሪያ እጥረት ሌላ አንድ ቃል ተጠያቂ ነው፦ «ኪንታሮት»። ከፊንጢጣ ደም የወጣ ሁሉ ኪንታሮት ይባላል፤ ኪንታሮት ደግሞ ሐፍረት ስለሆነ በቅባትና በቅጠል በድብቅ ይታከማል። እውነት ነው፣ ደም ከሚያይ ሰው አብዛኛው ኪንታሮት ነው ያለበት። የትኛው ኪንታሮት፣ የትኛው ካንሰር እንደሆነ ግን ሳይመረመሩ ማወቅ አይቻልም።

አንባቢ እዚህ ጋ ንጽጽሩን ሊቃወም ይችላል። የኮሶ ትል በዓይን ይታያል፤ የካንሰር መነሻ ግን አይታይም፤ ታዲያ መመልከት ምን ይረባል? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ፖሊፕ የሚያደማው ብዙ ጊዜ ከሰገራ ጋር ተቀላቅሎ ለዓይን በማይለይ መጠን ነው። መልሱም፣ የሚገርመው፣ ከሌላ ዛፍ የተገኘ ነው። ጓያኩም የሚባል የካሪቢያን ዛፍ ሙጫ ደም ባለበት ነገር ላይ ተደርጎ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጠብ ሲልበት ወደ ሰማያዊ እንደሚለወጥ በ1860ዎቹ ታውቆ ነበር። በ1967 ዴቪድ ግሪጎር የተባለ የኦሃዮ ሐኪም በዚህ ሙጫ የተነከረ ወረቀት ለሰዎች እየሰጠ ከየቤታቸው የሰገራ ናሙና ቀብተው እንዲያመጡ አደረገ፤ ምንም ሕመም ካልተሰማቸው ሰዎች መካከልም ካንሰር ተገኘ። በሚኒሶታ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆነ 46,551 ሰዎች ተመዝግበው ለረጅም ጊዜ ክትትል ተደረገላቸው። በ1993 ውጤቱ ሲታተም በየዓመቱ ሰገራቸውን ያስመረመሩት በዚህ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ካላስመረመሩት በ33 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ክትትሉ 30 ዓመት ሲሞላውም ልዩነቱ አልጠፋም፤ በየዓመቱ ለተመረመሩት 32 በመቶ፣ በየሁለት ዓመቱ ለተመረመሩት 22 በመቶ ነበር። ይህ ቁጥር ከመሣሪያው ይልቅ ስለ ቀጠሮው ይናገራል፤ ወረቀቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሕይወት ያተረፈው የመደጋገሙ ልክ ነው። የጎንደር ሰው ስለ ትሉ የደረሰበት ይህንኑ ነበር።

ሌላው ተቃውሞ የልማዱን ድክመት የሚነካ ስለሆነ መሸሽ አልፈልግም። አባቶቻችን ትሉን በየጊዜው ያስወጡ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አልጠየቁም። ኮሶ የሌለበት ሰው የለም እስከመባል ተለምዶ ነበርና ቁርጡ ቀጠለ፣ መድኃኒቱም ቀጠለ። ትሉ ከበሬ ሥጋ እንደሚመጣ በሙከራ ያሳየው በ1861 ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት ነው። የትሉን ዕንቁላል ለጥጃ አብልቶ ከረጢቶቹን በጥጃው ሥጋ ውስጥ አገኛቸው። መመልከት ብቻውን መንስኤን አይነግርም። ለካንሰሩም እንዲሁ ነው፤ ምርመራ የአመጋገብን ጥያቄ አይተካም። በዚህ ረገድ ብዙ የሠራው በኡጋንዳ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ያገለገለው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሳተማቸው ጽሑፎች የአፍሪካ ገጠር ሰው ሰገራ ከእንግሊዛዊው እጅግ የሚከብድና በአንጀት ውስጥ ቶሎ የሚያልፍ መሆኑን አሳየ፤ የአንጀት ካንሰርም በገጠሩ ብርቅ መሆኑን አያይዞ ምክንያቱ ያልተፈተገ እህልና አሰር ነው አለ። ሰገራ ይመዝን የነበረ ሰው ነውና በዘመኑ ያልሳቀበት አልነበረም። የእርሱ መላ ምት በዝርዝሩ ብዙ ቢታረምም አሰር ያለው ምግብ ለደንዳኔ እንደሚበጅ ዛሬ በሰፊው ተቀባይነት አለው። በ2015 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋን ካንሰር አምጪ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሎ መድቧል። የተመደበው ሥጋው ነው እንጂ ጥሬነቱ አይደለም፤ ቁርጡን አብስሎ መብላት ከትሉ ያድናል፣ የሥጋውን ብዛት ግን አይቀንስም። ከእንጀራና ከሽሮ ወደ ፉርኖ ዱቄትና ወደ ሥጋ የሚያዘነብል ከተሜ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ልማድ በአዋጅ አይመለስም፤ የኮሶ ዛፍም ከብዙ ደጋ ተመናምኗል። ግን ቀጠሮ መያዝ፣ መመልከትና መናገር ዛፍ አይፈልጉም። ከአገር ውጭ ያሉ ወገኖቻችን እንዲያውም በእጃቸው ነው። በእስራኤል ከ50 እስከ 74 ዓመት ያለ ሰው በየዓመቱ በጤና መድኅኑ በኩል የሰገራ ምርመራ ያገኛል፤ በእንግሊዝ መመርመሪያው በየሁለት ዓመቱ በፖስታ እስከ መኖሪያ ቤት ድረስ ይመጣል፤ በአሜሪካ ምርመራው ከ45 ዓመት ጀምሮ ይመከራል። ያ ፖስታ ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር በየቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ በየእድሩ መነጋገር ይቻላል። በአገር ቤት እንዲህ ያለ የሁሉም ሰው ቀጠሮ ገና አልተዘረጋም፤ ስለዚህ ምልክትን ሳይደብቁ መናገር እጥፍ ዋጋ አለው። በሰገራህ ላይ ደም ያየህ፣ የሆድህ አመል ለሳምንታት የተለወጠብህ፣ ያለ ምክንያት የከሳህ ወይም ደምህ ያነሰ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ኪንታሮት ነው ብላችሁ አትተዉት። ኮሶም ጠጥታችሁ አትሞክሩት፤ ኮሶ ካንሰርን አያድንም። ለቤታችሁ ሰው ዛሬ ንገሩ፤ ነገ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።